ሙልቲፕላው በራሱ ሞተር ይነሣ ወይስ የማሩቲ ይገጠምለት?

መነሻ ጥያቄ። ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያቀረበው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ የሚኖር ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከአንድ አሮጌ ግቢ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ለብዙ ዓመታት የቆመ ፊያት 600 ሙልቲፕላ ገዝቷል። ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው፣ ስድስት ሰው የሚጭነው ዓይነት ነው። ሞተሩ ተጣብቋል፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሲሊንደሮቹን የሚከድነው) በውኃ መተላለፊያዎቹ ዙሪያ ተበልቷል፤ የፊት ቀኝ እግሩ ፐርኖ (ጎማው ሲጠመዘዝ የሚዞርበት ዘንግ) ላልቷል፤ የፊት መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ከኋላ መብራቶቹ የአንደኛው ሽፋን የለም፤ ከጎማ የተሠራ ነገር በሙሉ ደርቆ ይፈረፈራል። ላሜራው ግን ደኅና ነው፤ ከበሮቹ ሥር በስተቀር ዝገት አልገባበትም። የጠየቃቸው ጋራዦች ሁሉ ዕቃ የለውም ብለው መልሰውታል። የመጨረሻው ደግሞ ሞተሩን ከነካምቢዮው (ከነማርሽ ሳጥኑ) አውጥቶ ለቁራሌ እንዲሸጥና የማሩቲ (የሕንዱ ትንሽ መኪና) ሞተር እንዲያስገጥም መክሮታል። እንግዲህ ልጁ የጠየቀው ይህን ነው፤ የዚህ መኪና ዕቃ በእርግጥ ከዓለም ጠፍቷል ወይስ የሚፈልገው ሰው ነው የጠፋው?

እኔ ሥራዬ ቶርኖ ነው፤ በማሽን ብረት እቀርጻለሁ። ውይይቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተከታትያለሁ፣ በመካከሉም ጽፌያለሁ። ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ስለረዘመ፣ ዘግይተው ለሚገቡ አንባቢዎች እንዲመች መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እተርካለሁ፤ የማልስማማበት ቦታ ስደርስም አስተያየቴን እጨምራለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ ለልጁ ደስታውን ከገለጸ በኋላ አንድ ምክር ብቻ ሰጥቶ ሄደ። ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት ፎቶ ይነሣ፣ የሚፈታው ብሎንና ዳዶ በየቆርቆሮው ተለይቶ ይቀመጥ፣ የተሰበረም ሆነ የዛገ ዕቃ አንድም አይጣል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ምክሩን ሳያዩት አልፈዋል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ መልስ በክሩ ውስጥ አላነበብሁም። የተሰበረ ዕቃ መጠኑን፣ የቀዳዳዎቹን ርቀት፣ የጥርሱን ብዛት ይዞ ይቆያል። አንዴ ከተጣለ ግን ቶርኖ ቤት ይዞት የሚመጣ ነገር የለም። ደንበኛ ባዶ እጁን መጥቶ ይህን ያህል ነበር እያለ በጣቶቹ ሲያሳየኝ ከልቤ አዝናለሁ፤ ልረዳው እየፈለግሁ የምይዘው ልክ የለኝምና።

መልስ 2። ይህኛው መኪናው ፊያት አይደለም፣ የቮልስዋገን ኮምቢ ትንሹ ዓይነት ነው ብሎ በሙሉ ልብ ጻፈ። አፍንጫ የሌለው ቅርጹ አሳስቶት ይሆናል።

መልስ 3። በሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው በትሕትና አረመው። የቮልስዋገኑ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ሲሆን የዚህኛው ግን በውኃ ነው፤ ራዲያተሩም ከኋላ ከሞተሩ ጎን ተቀምጧል። ፊያት 600 በዳንቴ ጃኮሳ ንድፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1955 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ ቀረበ፤ ሙልቲፕላው ደግሞ በ1956 መጀመሪያ ብራስልስ ላይ ታየ። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በሁለቱም 2 ሜትር ነው። ሾፌሩን ወደ ፊት ገፍተው በፊት ጎማዎቹ ላይ ስላስቀመጡት፣ 3 ሜትር ከ53 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሆነች መኪና ውስጥ ስድስት ሰው መቀመጥ ቻለ። ትርፍ ጎማውም ከፊተኛው ተሳፋሪ እግር ፊት ቆሟል። መጀመሪያ የተገጠመለት ሞተር 633 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱም ከ22 ፈረስ ብዙ አይርቅም። የ2 ቁጥሩ ሰው አመስግኖ ተቀበለ፤ ውይይቱ በዚህ መንፈስ ቢቀጥል ምንኛ በወደድሁ።

መልስ 4። በንጉሡ ዘመን በሰይቼንቶ (በተራው ፊያት 600) ታክሲ የሠሩ አባት ናቸው። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ሲመላለሱ የነበረበትን ጊዜ በሰፊው ጻፉ። የድሮው ሰይቼንቶ በር የሚከፈተው ከፊት ወደ ኋላ ስለነበረ፣ እየሄዱ ሳለ በሩ ከላላ ንፋሱ ይዞ በርግዶ ይጥለዋል፤ እርሳቸው ከውስጥ በጠፍር ያስሩት ነበር። ፊያት ይህን አከፋፈት የቀየረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገት ሲወጡ ውኃው ይፈላባቸው ስለነበር ጀሪካን ሳይዙ አይወጡም። በመጨረሻም ልጄ ብለው ለገዢው አንድ ነገር አሳሰቡ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የራዲያተሩን ክዳን ይመልከት፤ ቴስታታ የሚበላው ከዚያ ይጀምራል አሉ።

መልስ 5። የጋራዥ ባለቤት ነው፤ ሳይዞር በቀጥታ ጻፈ። የማሩቲው 796 ሲሲ ሞተር ባለሦስት ሲሊንደር፣ ቀላል፣ ዕቃውም ሶማሌ ተራ ሞልቶ የተረፈ ነው። የማይሄድ መኪና መኪና አይባልም፤ ስለዚህ ሞተሩ ተቀይሮ ነገ መንገድ ይውጣ የሚል ነው።

መልስ 6። የዚህኛው ድምፅ ከፍ ያለ ነበር። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ሞተር የለወጠ ሰው ለውጡን ማስመዝገብ አለበት፤ ያ ካልሆነ ለቦሎ ሲቀርብ ምን ሊል ነው? ከዚያም ቴክኒካዊውን አነሣ። የማሩቲው ሞተር ከፊያቱ ካምቢዮ ጋር ቀዳዳው አይገጥምም፣ መካከለኛ ሰሌዳ ተቆርጦ መሠራት አለበት፣ የሞተር መያዣውም ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል። አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ወደ ነበረበት የሚመልሰው የለም። የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። የ5 ቁጥሩን ሰው ሥራ አበላሽ ብሎ መጥራቱ ግን አላስፈላጊ ነበር።

መልስ 7። የ5 ቁጥሩ ተመልሶ መጣ፤ በቁጣ። መኪናን እንደ ሐውልት ማምለክ የአውሮፓ ሀብታሞች ጨዋታ ነው፤ እኔ በየቀኑ የማየው የሚሠራበትን መኪና አቁሞ ዕቃ የሚጠብቅ ድሀ ነው ሲል መለሰ። ይህ አነጋገሩ ከባድ ቢሆንም ባዶ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ የሚውል ሰው የሚያየው እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ልጅ እንጀራውን የሚያበስልለት መኪና አይደለም የያዘው፤ ጊዜ አለው፣ ፍላጎትም አለው። ለታክሲ ሠሪ የሚሰጥ ምክር ለእርሱ አይሆንም።

መልስ 8። ክሩን ያዳነው ይህ ነው። ጸሐፊው በወጣትነታቸው በዩጎዝላቪያ የተማሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው አዳማ የሚኖሩ መሐንዲስ ናቸው። ፊያት 600 ጣሊያን ውስጥ ማምረቱ እ.ኤ.አ. በ1969 ቢያበቃም መኪናው አልሞተም አሉ። ክራጉየቫትስ ላይ ዛስታቫ ፋብሪካ በፊያት ፈቃድ ከ1955 ጀምሮ አምርቶታል፤ ዛስታቫ 750 ተብሎም እስከ 1985 ቀጥሏል። ባርሴሎና ላይ ደግሞ ሴአት ከ1957 እስከ 1973 ሠርቶታል፤ የሴአቱ ብቻ ወደ 800 ሺህ ይጠጋል። ስለዚህ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት)፣ ብሮንዚና (የሚዞር ዘንግ የሚያርፍበት)፣ ጉርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የውኃ ፓምፕ የሚፈልግ ሰው ፊያት የሚለውን ስም ትቶ የዘመዶቹን ስም ይፈልግ። ቤልግሬድ ውስጥ እርሳቸው በነበሩበት ጊዜ ይህ መኪና በየመንገዱ ይታይ ነበር።

ከዚያ ማስጠንቀቂያ ጨመሩ፤ እኔም ደግሜ የማሰምርበት እርሱን ነው። የመጀመሪያው 633 ሲሲ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምልልስ 56 ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የመጣው 767 ሲሲ ደግሞ 62 በ63.5 ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ ኮሎውም (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ)፣ ፒስቶኑም፣ የቴስታታ ጉርኒሲዮኑም ግን ይለያያል። የዛስታቫ 750 ዕቃ የሚስማማው ለ767ቱ ነው። ሳይለካ ያዘዘ ሰው ገንዘቡን ይጥላል።

መልስ 9። ባለመኪናው በማግሥቱ ለክቶ መጣ። አንደኛውን ሲሊንደር በቴስታታው በኩል ሲለካው 60 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ጭማሪ ሆነ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሞተር ነው፤ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ተጣብቆ የነበረው በናፍጣና በዘይት ድብልቅ ተነክሮ ከቆየ በኋላ በእጅ መዞር ጀምሯል። የቴስታታውንም ፎቶ አስከተለ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሲሊንደር መካከል ያለው ቀጭን ድልድይ ተበልቶ፣ ጥፍር የሚያስገባ ጉድጓድ ሆኗል። አሁን ምን ላድርግ የሚል ነው ጥያቄው።

መልስ 10። ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የዚህ ሞተር ብሎክ ብረት፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ ብረቶች በተራ የቧንቧ ውኃ ውስጥ አብረው ሲኖሩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ለዚህ ነው ፀረ ዝገት ያለው የራዲያተር ፈሳሽ የሚያስፈልገው። የተበላው ግን ይሞላል። አሠራሩን ለማያውቁት በዝርዝር አስቀምጫለሁ። በመጀመሪያ ቫልቮቹና ሞሎቹ ይወጣሉ፤ ቴስታታው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ሶዳ አይነካውም፣ ሶዳ አሉሚኒየም ያሟሟል። ጥቁሩ የተበላው ክፍል እስኪነጣ ድረስ በትንሽ የሚሽከረከር ሞረድ ይፋቃል። ከጥቁሩ ትንሽ ነጥብ እንኳ ከቀረ ብየዳው አረፋ ይዞ ይቀራል። ከዚያ መላው ቴስታታ ቀስ ተብሎ እስከ 150 ወይም 200 ዲግሪ ይሞቃል፤ በአርጎን ይበየዳል፤ እንደ ሞቀ በደረቅ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። በድንገት የቀዘቀዘ ቴስታታ ይሰነጠቃል።

በማግሥቱ ገጹ ይለካል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በላዩ ተጋድሞ በሥሩ ቀጭኑ የመለኪያ ስስ ብረት ይሞከራል፤ 0.05 ሚሊ ሜትሩ ከገባ ገጹ ተጣሟል ማለት ነው። የሚላጨው በጣም ጥቂት ነው፤ ብዙ ከተላጨ ጭመቃው ይጨምራል። በመጨረሻ የውኃ ቀዳዳዎቹ በሰሌዳና በጎማ ተዘግተው አየር ይሞላበታል፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነከር አረፋ የሚወጣ ከሆነ ሥራው ይደገማል። ይህን ሁሉ የጻፍሁት ሥራው አዲስ አበባ ውስጥ እንደሚሠራ እንዲታወቅ ነው። ዕቃ የለም የሚለው ቃል ከብዙ ሰው አፍ በጣም ፈጥኖ ይወጣል፤ መለኪያ ሳይነካ የሚወጣ ቃል ነው፤ በዚህ ምክንያት ስንት ሞተር ለቁራሌ እንደሄደ ሳስብ እናደዳለሁ።

መልስ 11። የ5 ቁጥሩ ሰው ዋጋውን ጠየቀ፤ ብየዳው፣ ልጩ፣ አዲስ ፋሻና ብሮንዚናው ሲደመር ከአንድ የማሩቲ ሞተር አይበልጥም ወይ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሊበልጥ ይችላል ብዬ መለስሁለት። ነገር ግን በማሩቲው ሒሳብ ውስጥ የመካከለኛው ሰሌዳ፣ የመያዣው ብየዳ፣ የራዲያተሩ ቧንቧና የሊብሬው ለውጥ አልተቆጠሩም።

መልስ 12 እና 13። ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ተራራ ወጣ። የ12 ቁጥሩ የአራተኛውን አባት ትዝታ አንሥቶ፣ ሰይቼንቶ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው ፋብሪካው ደካማ ስለሆነ ነው አለ። የኮሌጁ መምህር ተመልሶ ገባ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ፣ ቱሪን ላይ በሰላም የሚሠራ ሞተር እዚህ ይፈላል። አየሩም ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩ በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል፤ ካርቡራቶሩም ለቆላ የተመጠነ ከሆነ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ይጠቁራል። ስለዚህ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ በትንሹ በጠበበች መተካት አለባት። አባታችንም እንዲህ ያደርጉ እንደነበር አረጋገጡ፤ ወደ ሞጆ የሚወርዱ ቀን ግን መልሰው ትልቋን ይገጥሙ ነበር።

መልስ 14። አዲስ ሐሳብ መጣ፤ የፊያት 127 ሞተር የዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ ለምን እርሱ አይገጠምም? የአዳማው መሐንዲስ አጠር አድርገው መለሱ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሞተሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይዞሩም። የሚዞርበትን አቅጣጫ ሳያረጋግጡ የገጠሙ ሰዎች አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያለው መኪና አግኝተዋል።

መልስ 15። ስለ ፊት እግሩ እስካሁን ማንም አልተናገረም ነበር፤ ይህን ያነሣችው በሕንድ አገር የተማረች እህት ናት። ተራው ሰይቼንቶ ከፊት በአግድም የተዘረጋ ባሌስትራ አለው፤ ሙልቲፕላው ግን የተሳፋሪውን ክብደት እንዲሸከም የፊያት 1100ን የፊት እግር ከነሞላው ወርሷል። ፊያት 1100 ደግሞ ቦምቤይ ውስጥ በፕሪሚየር ኩባንያ ሲመረት ኖሯል፤ ኋላም ፓድሚኒ ተብሎ እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ገደማ ቀጥሏል። የሙምባይ ጥቁርና ቢጫ ታክሲ እርሱ ነበር፤ የመጨረሻው ከመንገድ የወጣው በጥቅምት 2023 ነው። ስለዚህ ፐርኖና ቦኮላ (በመጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ ቀለበት) እዚያ ገበያ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ከዘመዶቻችን ለሕክምና ወደ ሕንድ የማይሄድ የለም፤ ሲመለስ አንድ ጥቅል ቢይዝ ምን ይከብደዋል? በጣም የወደድሁት ሐሳብ ነው፤ በየጋራዡ ሲጠየቅ ማንም ያላሰበው።

መልስ 16። ይህ ሰው ተበሳጭቶ ነው የጻፈው። ከውጭ በስልክ አዝዞ ሌላ ዕቃ እንደተላከለት፣ ሻጩም ከዚያ በኋላ እንደማይመልስለት ተናግሮ፣ ከሕንድ የሚታዘዝ ነገር ሁሉ ማጭበርበር ነው አለ። እህታችን ጠንከር ብላ መለሰችለት፤ አንድ ሻጭ አታለለኝ ብሎ አገር መስደብ ተገቢ አይደለም። ትክክል ናት። ሰውየው ሲያዝዝ ለሻጩ የላከው የድሮውን ዕቃ ይሁን የመኪናውን ስም ብቻ ግን አልነገረንም። ስም ብቻ ከሆነ የላከው፣ የትም አገር ቢያዝ ይህ ሊደርስበት ይችላል።

መልስ 17። ቦሎኛ የሚኖር ወንድማችን የሁለቱን ጠብ ሳይነካ ወደ ሥራው መለሰን። ፊያት 1100 ከ1953 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሲለዋወጥ ስለኖረ፣ የሕንዱ ዕቃ የመጣው ከኋለኛው ዓይነት ነው፤ ስለዚህ የፐርኖው ውፍረትና ርዝመት በማይክሮሜትር ተለክቶ ቁጥሩ ይላክ። ከዚያ ስለ ኢሞላ ነገረን። ከቦሎኛ ብዙም የማይርቀው የኢሞላ የውድድር ሜዳ በየመስከረሙ የአሮጌ መኪናና የሞተር ብስክሌት ዕቃ ገበያ ይሆናል። ሻጩ ዕቃውን መሬት ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ገዢው የተሰበረውን በእጁ ይዞ እያመሳከረ ይዞራል። የኋላ መብራት ሽፋንና የመስታወት ጎማ እዚያ አይጠፋም። ቱሪን ያለው የፊያት የታሪክ ማእከልም የድሮ ሥዕሎችን በመዝገብ ይዟል፤ ጠይቆ ማየት ይቻላል። ሽፋኑንና ጎማውን ፈልጎ ለማምጣት ቃል ገባ።

መልስ 18 እስከ 20። አንዱ አሥመራ ውስጥ የድሮ ፊያት ሞልቷል አለ፤ ሌላው የድንበሩን ነገር አነሣ፤ ሦስተኛው ፖለቲካ ጨመረበት። የመድረኩ አስተዳዳሪ ሁለቱን መልሶች ሰርዞ የቀረውን ተወው። ስለ መኪና ያልሆነውን እኔም አልተርከውም። አሥመራ የድሮ ፊያት መኖሩ ግን እውነት ነው፤ መንገዱ ሲመቻች የሚታሰብ ነገር ነው።

መልስ 21። ከቨርጂኒያ የጻፈ ወንድም መኪናውን እንዳለ በዶላር ልግዛው፣ ለመጫኛውም እከፍላለሁ አለ። የሰጠው ዋጋ ልጁ ከከፈለው ብዙ እጥፍ ነው።

መልስ 22 እና 23። ተቃውሞው ወዲያው ወረደበት። አንደኛዋ፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ እንዲህ ያለ መኪና ከወጣ ተተኪ አይገባም ብላ ተከራከረች። ሁለተኛው ግን የቨርጂኒያውን ሰው ሌባ እስከማለት ደረሰ፤ ይህ ነውር ነው። ሰውየው በግልጽ ዋጋ አቀረበ፣ ሌላ ምንም አላደረገም። ባለመኪናው ራሱ በጨዋነት አመስግኖት አልሸጥም አለ፤ የቨርጂኒያውም ካልሸጥህ የመስታወቱን ወጪ ላግዝህ ብሎ መለሰ። ከዚህ በላይ ጨዋነት አላየሁም።

መልስ 24። አንድ ወጣት ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ ሞተሩ ወጥቶ በባትሪ ይሠራ አለ። ፊያት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 በኤሌክትሪክ የሚሄድ 600 አውጥቷል፤ ሙልቲፕላውም 700 ኪሎ ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ባትሪ ይበቃዋል ሲል ሒሳብ ሠራ። ሒሳቡ ጥሩ ነው፤ ልጁም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ሳይፈተን አልቀረም። እኔ ግን ተቃውሜ ጻፍሁ። ሞተሩ የሞተ ቢሆን ኖሮ ምንም ባላልሁ፤ ዳሩ ግን በእጅ መዞር ጀምሯል፣ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው፣ የተበላው ቴስታታ ይሞላል። ደኅና ሞተር አውጥቶ ባትሪ መግጠም መጠገን አይባልም። ባትሪ የሚሻ ሰው ሞተሩ የጠፋበት ሰይቼንቶ ይፈልግ።

መልስ 25። ከመርካቶ፣ የጎማ ዕቃ የሚያወጣ ባለሙያ ነው። የሞተር መያዣ ጎማ፣ የእግር ቦኮላ፣ የፔዳል ሽፋን፣ ማናቸውም ከጎማ የሚሠራ ትንሽ ነገር አሮጌው ከመጣለት ቅርጽ አውጥቶ እንደሚያፈስ ተናገረ። ደርቆ የተሰነጠቀም ቢሆን ይምጣ፤ የተኮማተረውን አስልቶ ይጨምርበታል። የመስታወት ዙሪያ ጎማ ግን ረጅም ስለሆነና ጎኑ ስለሚወሳሰብ እርሱ እንደማይሞክረው በሐቀኝነት ገለጸ። የማይችለውን የሚናገር ባለሙያ ሳገኝ የሚችለውን አምነዋለሁ።

መልስ 26። የ6 ቁጥሩ ሰው እንደገና መጥቶ የዛስታቫ 767 ሲሲ ሞተር ሙሉውን ማስመጣትም በር መክፈት ነው፣ የራሱ ሞተር አይባልም ብሎ ከአዳማው መሐንዲስ ጋር ተከራከረ። መሐንዲሱ፣ ሙልቲፕላው ራሱ ከ1960 ጀምሮ 767ቱን ከፋብሪካ ይዞ ይወጣ እንደነበር አስታወሱት። ስለዚህ 633ቱ እንቢ ካለ ቀጣዩ መጠለያ ዛስታቫ እንጂ ማሩቲ አይደለም የሚል ነው ሐሳባቸው። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ።

መልስ 27። የ5 ቁጥሩ ጋራዥ ባለቤት። በሐሳቡ ጸንቷል፤ ሆኖም አንድ ነገር ጠየቀኝ። ደንበኛው ያመጣው የድሮ ቮልስ ቴስታታ የካንዴላው ጥርስ ተበልቷል፤ በአርጎን ተሞልቶ እንደገና ጥርስ ይወጣለታል ወይ? ይወጣለታል አልሁት፤ ከዚህም የተሻለ ዘዴ አለ፤ ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ከውስጥ የብረት ጥርስ ያለው ቀለበት ይገባበታል። ቴስታታውን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።

መልስ 28። ባለመኪናው ውሳኔውን አሳወቀ። ሞተሩ በቦታው ይቆያል። ቴስታታው እኔ ዘንድ ነው፤ ብየዳው አልቆ የአየር ፈተናውን አልፏል፣ ልጩ ይቀራል። የሲሊንደሮቹ ግድግዳ ትንሽ ስለተጫረ ወደ ቀጣዩ የፒስቶን መጠን መከፈት አለበት፤ ለ633ቱ የሚሆን ፒስቶን የአዳማው መሐንዲስ በድሮ ጓደኞቻቸው በኩል ቤልግሬድና ባርሴሎና እያስጠየቁ ነው። የፐርኖው ልክ ለሕንድና ለቦሎኛ ተልኳል። የጎማው ሥራ መርካቶ ገብቷል።

መልስ ያላገኘው የፊት መስታወቱ ነው። ከተራው ሰይቼንቶ ሰፋ ያለና የጎበጠ በመሆኑ የሰይቼንቶው አይገጥምም። አዲስ አበባ ውስጥ ዝርግ የተነባበረ መስታወት የሚቆርጡ አሉ፤ አጉብጦ የሚሠራ ግን እስካሁን በክሩ ውስጥ የጠቆመን የለም። ፕላስቲክ ይጎብጥ ያለ ነበር፤ የዝናብ መጥረጊያው በጥቂት ወራት ስለሚጭረው አልደገፍሁትም። የቦሎኛው ወንድም ከነሳጥኑ ማስጫን ይቻላል ብሏል፣ መሰበሩ ግን ያሰጋል። መስታወት በሙቀት አጉብጦ የሚያነባብር ባለሙያ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ከተማ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ቁጥር 29 ብሎ እዚሁ ይጻፍልን። የመስታወቱ ቅርጽ በካርቶን ወጥቶ፣ ጉብጠቱም በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ተለክቶ እኔ ዘንድ ተቀምጧል።